የኳድ ሞተር ዘይትና ማግኔቱ ላይ የሚቀረው ብረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዣችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ሶማሌ ተራ በእግር ቅርብ ስለሆነ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ጎራ ይላል። ድሮ የምንሠራው ተራ ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር። አሁን አሁን ባለ አራት ጎማው፣ ኳድ የምንለው፣ በርክቷል። የእርሻ ሰው ያመጣል፣ እንግዳ የሚያስጎበኝ ያመጣል፣ እሑድ እሑድ እንጦጦና ሱሉልታ የሚወጣም ያመጣል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ስልኩ የሚጮኸው ደግሞ ሁልጊዜ እጄ ዘይት ውስጥ ሲሆን ነው። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። ሞተሬ አለቀለት?

አይመስለኝም። መጀመሪያ ግራጫውን ነገር በሌባ ጣታችሁ ጠረግ አድርጉና ከአውራ ጣታችሁ ጋር አሹት። እንደ ቅቤ ለስልሶ ከሄደ እዳው ገብስ ነው። ይህ ከማርሽ ጥርስ፣ ከፋሻ (ፒስቶኑን ከሚከበው የብረት ቀለበት) እና ከሲሊንደሩ ግድግዳ ቀስ በቀስ የረገፈ ደቃቅ ብናኝ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚውልበት ማሽን ሁሉ ያወጣዋል። ብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት የተደረገውም ይህንኑ ሰብስቦ እንዲይዝ ነው። ጠርጎ መመለስ ነው።

የሚቆረቁር ነገር ካለው ግን የስልካችሁን መብራት አብሩ። ስንጥር፣ ቅርፊት፣ ጠርዙ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ፈልጉ። እኔ የምለካው በእህል ነው። የጤፍ ፍሬ የሚያክል አንድ ሁለት ቅንጣት ካየሁ ዘይቱን ቀይሬ፣ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ብሎኑን ደግሜ እፈታለሁ። የስንዴ ፍሬ የሚያክል ካገኘሁ ሞተሩን አላስነሳም። ያ ብናኝ ሳይሆን የአንድ ዕቃ ስባሪ ነው።

አንድ የእርሻ ሰው ያመጣው ኳድ አይረሳኝም። ብሎኑን ስፈታው ማግኔቱ ላይ የማርሽ ጥርስ ጫፍ ቆሟል። ሹል ነው፣ የድመት ጥፍር ይመስላል። ሰውየው አጠገቤ ሻይ እየጠጣ «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ይዘላል እንጂ ደህና ነው» ብሎኝ ነበር።

አንድ ምክር፦ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ብሎኑን ሳትጠርጉ ፎቶ አንሱት። ኪሎ ሜትሩን ወይም ሰዓቱን አብራችሁ ጻፉ። አንድ ፎቶ ብዙም አይናገርም። አራት ፎቶ ጎን ለጎን ስታዩ ግን ብናኙ እየበዛ መሆኑን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ማግኔቱ ንጹሕ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማግኔት የሚይዘው ብረትን ብቻ ነው። ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው። የሞተሩ ገላም አሉሚኒየም ነው። ኩሽኔታ ሳይሆን ቡሽ፣ ማለት ኳስ የሌለው ቀለበት፣ የገባባቸው ቦታዎች ነሐስ ናቸው። እነዚህ ሲበሉ ማግኔቱ ዝም ይላል።

ስለዚህ የወጣውን ዘይት ዝም ብላችሁ አትድፉት። ነጭ ሳፋ ላይ የድሮ ስቶኪንግ ወጥሩና ዘይቱን በዚያ አሳልፉት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩ። ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ ማግኔት የማይነካው ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ፒስቶን ወይም ገላው የሆነ ቦታ እየተፋቀ ነው። ወርቅማ ከሆነ ነሐስ ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ በጥፍር ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮን (ሞተሩንና ማርሹን የሚያያይዘውና የሚለያየው ዕቃ) ሸራ ነው። ላስቲክ የመሰለ ክር ካያችሁ ደግሞ ከናንተ በፊት የገጠመው ሰው ሲሊኮን አብዝቶ ቀብቷል። እሱም ቀላል አይደለም፤ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳ ይደፍናል።

የወረቀት ፊልትሮ ያለው ሞተር ከሆነ አሮጌውን ፊልትሮ ቀዳችሁ እጥፋቶቹን ዘርግታችሁ እዩ። ብዙዎቹ ትናንሽ የቻይና ኳዶች ግን የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። ያላቸው ሽቦ ወንፊት ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ዳር የሚያስቀር ሳህንም አለ። ወንፊቱ ደቃቁን አይዝም። እነሱን የሚያድናቸው ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ብቻ ነው።

የኔ ብሎን ማግኔት የለውም። ልግዛ?

ግዙ። ርካሽ ነው። የጥርሱን ቁጥር ለማስተያየት አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፤ «የኳድ ነው» ማለት አይበቃም።

ለመኪናዬ የገዛሁት ዘይት ተርፎኛል። ኳዱ ላይ ብጨምረውስ?

አትጨምሩ። ይህን የምለው ራሴ ስላደረግኩት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ሞተሩን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ የማንዋል መኪና ፍሪሲዮን ደግሞ ደረቅ ነው። ማርሽ ያለው አብዛኛው ኳድ ግን እንደ ሞተር ሳይክል ነው። ያው አንድ ዘይት ፒስቶኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚይዘው።

የመኪና ዘይት አምራቾች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ዘይቱ ውስጥ ግጭት (ፍትጊያ) የሚቀንስ ቅመም ይጨምራሉ። ለመኪና ጥሩ ነው። ፍሪሲዮን ግን የሚሠራው በግጭት ነው። ግጭቱን ከቀነስክበት ይንሸራተታል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ኳድ ላይ 5ደብልዩ-30 የመኪና ዘይት ሞላሁ። ጥሩ ዘይት ነበር፣ ውድም ነበር። ግቢ ውስጥ ስሞክረው ምንም አልነበረውም። ሰውየው እንጦጦ ዳገት ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ ኳዱ አይሄድም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይዞ ተመለሰ። የፍሪሲዮኑን ሸራ ከኪሴ ገዛሁ። ትምህርት ቤት በገንዘብ ነው የሚባለው ያን ቀን ገባኝ።

ታዲያ ጣሳው ላይ ምን ልፈልግ?

«ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ጃሶ ኤም ኤ 2» የሚለውን። ጃሶ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት ነው። ይህን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ምክንያቱም ያው የመኪናው ዘይት ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ስላስቸገረ ነው። ኤም ኤ 2 ፍሪሲዮንን ይበልጥ የሚያስይዘው ነው። «ኤም ቢ» የሚል ካያችሁ መልሱት። እሱ ለደረቅ ፍሪሲዮን፣ ለስኩተር ዓይነት ነው።

ከጣሳው ጀርባ ደግሞ ክብ ምልክት ይኖራል፣ ውስጡ ኤስ ኤል፣ ኤስ ኤም፣ ኤስ ኤን የሚሉ ፊደሎች አሉት። ኤስ ብሎ የሚጀምረው የቤንዚን ነው፣ ሲ ብሎ የሚጀምረው የናፍጣ። ከክቡ ግርጌ «ኃይል ቆጣቢ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት ያ ዘይት ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር አይሆንም።

የናፍጣ ዘይት ይሆናል ወይ የሚሉኝ አሉ። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ ከተጻፈ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ የናፍጣ ዘይቶች አሉ። ካልተጻፈ ግምት ውስጥ አትግቡ።

የኔ ኳድ በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) ነው የሚሄደው፣ ፍሪሲዮን የለውም። እኔንም ይመለከተኛል?

ላይመለከታችሁ ይችላል። ለምሳሌ ፖላሪስ ላይ ቺንጋው ደረቅ ነው፣ ካምቢዮውም የራሱ ዘይት አለው። ግን ቺንጋ ስላለው ብቻ እርግጠኛ አትሁኑ። አንዳንዱ ከቺንጋው ጋር ዘይት ውስጥ የሚሠራ አውቶማቲክ ፍሪሲዮን አለው። መመሪያውን እዩ። መመሪያው ከጠፋ ኤም ኤ 2 ብትሞሉ አይጎዳችሁም።

10ደብልዩ-40 ይሻላል ወይስ 20ደብልዩ-50?

የመጀመሪያው ቁጥር ስለ ብርድ ነው። 10ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ነው፣ 20ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ። የኅዳር ሌሊት ምንም ቢበርደን እዚያ አንደርስም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በመጀመሪያው ቁጥር መጨነቅ ትርፍ ሐሳብ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቀር ነው። ለከተማና ለእንጦጦ መመሪያው 10ደብልዩ-40 ካለ እሱኑ። ኳዱን ጭነው አዋሽ ወይም አፋር የሚወርዱ፣ በተለይ ሞተሩ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ መመሪያው እስከፈቀደ ድረስ 20ደብልዩ-50 ይዘው ቢሄዱ አልቃወምም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ወፍራምነቱን በሙቀት ጊዜ ጠብቆ የሚያቆየው ዘይቱ ውስጥ ያለ ረጅም ሰንሰለት የመሰለ ቅመም ነው። የማርሽ ጥርሶች ይህን ሰንሰለት እንደ መቀስ ይቆራርጡታል። 40 ሆኖ የገባው ዘይት ቀስ እያለ ወደ 30 ይወርዳል። ካምቢዮና ሞተር አንድ ዘይት የሚጋሩበት ኳድ ላይ ዘይት ከመኪና ቶሎ የሚደክመው አንዱ በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ልኩ ነው። ተራ የቤት መኪና 4 ሊትር ገደማ ይይዛል። ትንሽ ኳድ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ያው ብናኝ፣ ያው ጥላሸት በአንድ ሊትር ውስጥ ሲሆን አስቡት።

ሲንቴቲክ ዋጋውን ያህል ይሠራል?

ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም። ግን ውድ ዘይት ሞልቶ አንድ ዓመት ከሚቆይ፣ መካከለኛ ዘይት ሦስት ጊዜ የሚቀይር ሰው ሞተር የተሻለ ሆኖ አይቻለሁ። ብናኙን ከሞተሩ የሚያወጣው መቀየሩ ነው። ሲንቴቲክም ብረት አይውጥም።

ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መለኪያው ላይም ከሞላሁት በላይ ሆኗል። ዘይት ይራባል እንዴ?

አይራባም። ቤንዚን ገብቶበታል። አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝም ይኸው ነው፣ ሰው ግን ዘይቱን ይከሳል።

መሃል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን አልፎ ነው ያለው። አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ኳድ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ልክ የነበረው የቤንዚን መጠን እዚህ ይበዛበታል። አየሩ አነሰ፣ ቤንዚኑ ያው ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብሳል። የተረፈው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የዘይቱን ሽፋን ያጥባል፣ በፋሻው ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። ግድግዳው ሲደርቅ ፋሻው ይበላል። ያ ብናኝ ነው ማግኔቱ ላይ የሚመጣው።

ካንዴላውን ፍቱና እዩት። እንደ ከሰል ጠቁሮ ጥላሸት ከለበሰ ነገሩ ይህ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የዘይት ጠብታ አድርጋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፤ ጥቁሩን መሃል የከበበ ሰፊ የሳሳ ቀለበት ካወጣ ቤንዚን መግባቱን ያጠናክራል። መፍትሔው ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠባብ መቀየር ነው። ሥራው ረጅም አይደለም። ኢንጀክሽን የሆነው ኳድ ግን አየሩን ራሱ እየለካ ያስተካክላል።

ሌላም መንገድ አለ። ኳዱን ስታቆሙ የቤንዚኑን ቁልፍ ካልዘጋችሁና ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው መርፌ ካልያዘ፣ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። ጠዋት ስታስነሱት የምታስነሱት በቤንዚን ሾርባ ነው። እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት አታስነሱት፣ መጀመሪያ ዘይቱን አፍስሱ።

ዘይቱ ቡና በወተት መስሏል።

ውሃ ነው። ወይ ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ገብታችኋል፣ ወይ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ትነዳላችሁ፣ ወይ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ መጋጠሚያ ማሸጊያ) ወይም የውሃ ፓምፑ ማኅተም ሄዷል። ለጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተህ ስትመለስ ሞተሩ ውስጥ ላብ ይቀራል። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ግን ዘይቱ እዚያ እስኪደርስ መንዳት ያስፈልጋል። ቀይሩት። ደግሞ ከመጣ አምጡት።

ጠቁሯልስ?

ጥቁረት ብቻውን ምንም አይደለም። ጥላሸቱን ይዞ ነው የጠቆረው፣ ሥራው ነው።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ኳድ በሰዓት ነው የሚቆጠረው። በዝቅተኛ ማርሽ አንድ ሰዓት እርሻ ውስጥ የተጎተተ ኳድ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ድካሙ ግን ብዙ። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያውን ዘይት ብዙ መመሪያዎች 20 ሰዓት አካባቢ ላይ ያስቀይራሉ። ይህችን እንዳትዘሉ። አዲስ ማርሽና አዲስ ፋሻ እስኪላመዱ የሚያወጡት ብናኝ ከማናቸውም ጊዜ ይበልጣል። የመጀመሪያው ዘይት ፀሐይ ላይ ሲያዩት እንደ ሜታሊክ ቀለም ቢያብረቀርቅ አትደንግጡ። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ ካብረቀረቀ ግን ደውሉ።

ከዚያ በኋላ መመሪያው 100 ሰዓት ቢል እንኳ፣ አቧራ ላይ ለሚውል እኔ 50 እላለሁ።

ብናኙ በዝቷል፣ ዘይቱ ግን ጥሩ ነው። ከየት ነው?

የአየር ፊልትሮውን አውጡት። አቧራ ማለት አሸዋ ነው፣ አሸዋ ከፋሻው ብረት ይጠነክራል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የነበረው አቧራ ትዝ ይላችኋል? ያኔ ፊልትሮ በሳምንት እናጥብ ነበር። የስፖንጅ ፊልትሮ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፊልትሮ ዘይት ረጥቦ ነው የሚገጠመው። ደረቁን የገጠመ ሰው ወንፊት ነው የገጠመው። ፊልትሮውን ካወጣችሁ በኋላ ጣታችሁን ወደ ካርቡራቶሩ በሚገባው ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ጥረጉ። ጣታችሁ አቧራ ይዞ ከወጣ አገኛችሁት።

ዘይቱ ላይ የሚጨመር መድኃኒት ይሸጣሉ። ልጨምር?

አይ። ግማሾቹ ፍሪሲዮን ያንሸራትታሉ። የተሰበረ ጥርስ ደግሞ በመድኃኒት አይበቅልም።

ዘይት ላቦራቶሪ ይመረመራል ሲባል ሰማሁ።

ይመረመራል። ናሙናው ውስጥ ያለውን ብረት፣ አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ሲሊከን ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ ይቆጥራሉ። ሲሊከን ከብረት ጋር አብሮ ከወጣ አቧራ እየገባ ነው ይባላል። ለትልልቅ ማሽኖች ትልቅ ነገር ነው። ግን የተለመደው ምርመራ የሚያየው በዓይን የማይታየውን ደቃቅ ነው። ትልቁን ስንጥር አይቆጥረውም። ለአንድ ኳድ ማግኔቱና ስቶኪንጉ ይበቃሉ ባይ ነኝ።

ፎርጅዱን ዘይት በምን ልለየው?

እኔም ተሸውጃለሁ። ከአንድ ሱቅ ጣሳው ያማረ ዘይት ገዛሁ፣ ዋጋው ትንሽ ቀነስ ያለ። ሲሞቅ እንደ ውሃ ቀጠነ፤ ሽታውም ያገለገለ ዘይት ነበር። ክዳኑ ሥር ያለው ማኅተም መነካቱን፣ የምርት ቁጥሩ በትክክል መታተሙን እዩ። አንድ ከምታውቁት ሰው ግዙ። እኛም ብንሆን የድርሻችንን እናድርግ፦ ባዶውን ጣሳ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በቢላ ብሱት። ያልተበሳ ጣሳ ተመልሶ ይሞላል።

ራሴ ብቀይረውስ?

ለምን አትቀይሩም። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ብናኙ ከዘይቱ ጋር ተንሳፍፎ ይወጣል። ጓንት አድርጉ፣ ያገለገለ ዘይት ለቆዳ ጥሩ አይደለም። ብሎኑን ስትመልሱ ግን ጉልበት አታሳዩ። ገላው አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ በቀላሉ ይላጣል። በሳምንት አንድ ሰው ጥርስ አስልጦ ይመጣል፣ ሁሉም «በጣም አላጠበቅኩትም» ይላል። በእጅ እስኪያልቅ አዙሩ፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ ትንሽ ያዝ አድርጉት። የብሎኑን ቀለበት በአዲስ ቀይሩ። ዘይቱን ኳዱን ደልዳላ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ለኩ፤ በብዙ ሞተሮች መለኪያው ሳይጠመዘዝ፣ አርፎ ብቻ ነው የሚነበበው። አታብዙ፣ የበዛ ዘይት አረፋ ያወጣል።

ያገለገለውን የት ልድፋው?

ቱቦ ውስጥ አይደለም። ለአጥር እንጨት የሚቀቡት አሉ፤ አጠገቡ ጉድጓድ ውሃ ወይም ጎመን ካለ አይሆንም። ክዳን ባለው ጄሪካን አጠራቅሙት። እኛ ጋ ብታመጡት እንቀበላለን። በርሜሉ በሩ አጠገብ ነው፣ ገልብጣችሁ ክዳኑን መልሱ ብቻ።